ከጎልድ ወደ ዳይመንድ፦ ደሴ ሆኖ የመርከብ ጉዞ ደረጃ መውጣት ያዋጣል ወይ?

መምህር ዘደሴ (ጥያቄ)

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን ጥያቄ የማቀርበው ከወሎ ልጆች መካከል በመርከብ ለሽርሽር የሄዳችሁም፣ በመርከብ ላይ ተቀጥራችሁ የሠራችሁም እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። እኔ ደሴ ሆጤ አካባቢ የምኖር፣ ዕድሜዬን በሒሳብ መምህርነት ያሳለፍኩና አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ የ64 ዓመት ሰው ነኝ። ሐይቅ ላይ በጀልባ ወደ እስጢፋኖስ ዳር ከመሻገር በቀር ውሃ ላይ ወጥቼ የማላውቀው ሰው፣ ልጄ ሂዩስተን ነርስ ሆና በመሥራቷ ምክንያት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከቴክሳሱ ጋልቨስተን ወደብ ከ5,000 በላይ መንገደኛ በሚጭን መርከብ ተሳፍሬ የሜክሲኮዋን ኮዙሜልንና የሆንዱራሷን ሮአታንን ለማየት በቃሁ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ባለቤቴን ጨምረን ለሁለተኛ ጊዜ ሄድን። ባለቤቴ በመጀመሪያው ጉዞ የእኅቷ ሐዘን ስለገጠማት ቀርታ ነበር።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የተሳፈርንበት ሮያል ካሪቢያን ለተደጋጋሚ ደንበኞቹ ክራውን ኤንድ አንከር የሚባል ፕሮግራም አለው። በመርከቡ ላይ የታደረበት እያንዳንዱ ሌሊት 1 ነጥብ ይቆጠርና ነጥቡ ሲጠራቀም ደረጃው ከፍ ይላል። በ3 ነጥብ ጎልድ፣ በ30 ፕላቲነም፣ በ55 ኤመራልድ፣ በ80 ዳይመንድ፣ በ175 ዳይመንድ ፕላስ፣ በ700 ደግሞ የመጨረሻው ፒናክል ነው። ሁለቱም ጉዞዎቼ ሰባት ሰባት ሌሊት ስለነበሩ 14 ነጥብ ሊኖረኝ ይገባል፤ የሚታየው ግን 7 ብቻ ነው። ስናጣራ ስሕተቱ ከእኛ ሆኖ ተገኘ። ልጄ የመጀመሪያውን ጉዞ ቅጽ ስትሞላ የአባቴን ስም ሙሐመድን መካከሉ ላይ በሁለት ‹ኤም› ጻፈችው፤ በፓስፖርቴ ላይ ግን በአንድ ‹ኤም› ነው። በሁለተኛው ጊዜ ቅጹን ፓስፖርቱን እያየች ስለሞላችው፣ እኔ አንዱ ሰው ሁለት የአባልነት ቁጥር ያለኝ ሁለት ሰው ሆኛለሁ።

ልጄ እስካሁን አራት ጊዜ ሄዳ 28 ነጥብ አላት። ሐሳቧ ቶሎ ዳይመንድ መድረስ ነው። ለዚህም ከአሁን በኋላ በስዊት፣ ማለትም ሰፋ ባለው ውድ ክፍል እንሂድ፣ ስዊት ላይ ሌሊቱ 2 ነጥብ ይቆጠራል ትላለች። የሒሳብ መምህር ነኝና ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የጠፋው 7 ተመልሶልኝ 14 ቢሆን እንኳ እስከ 80 ለመድረስ 66 ሌሊት ይቀረኛል። በዓመት አንድ ሳምንት ብሄድ አሥር ዓመት ይፈጃል፤ በስዊት ከሆነ አምስት ዓመት። ለእርሷ በተራ ክፍል ስምንት፣ በስዊት አራት ጉዞ ይቀራታል።

ስሌቱ አላስቸገረኝም። የሚያስጨንቀኝ ልጄ የሌሊት ተረኛ ሆና፣ የበዓል ቀን ሳይቀር ሠርታ ባገኘችው ገንዘብ የምትገዛው ደረጃ የሚገባውን ያህል ጥቅም ያለው መሆን አለመሆኑን አለማወቄ ነው። እኔ አልኮል አልጠጣም፤ ባለቤቴም እንዲሁ። እንግዲህ የማስቸግራችሁ በእነዚህ ነገሮች ነው። ደረጃዎቹ በተግባር የሚሰጡት ነገር ምንድን ነው? ለሁለት የተከፈለው ነጥቤ ወደ አንድ ሊመጣ ይችላል ወይ? 7 ነጥብ ብቻ ያላት ባለቤቴስ ከእኔ ጋር አንድ ደረጃ ልትሆን ትችላለች? ልምዱ ያላችሁ ጊዜ ሰጥታችሁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ወዐለይኩም አሰላም መምህር፣ አብሽሩ። እኔ ወደ ኮምቦልቻ ተመልሼ የራሴን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ለአምስት ዓመት በመርከብ ላይ ክፍል አሰናድቻለሁ፤ አልጋ ማንጠፍ፣ ፎጣ መቀየር፣ መታጠቢያ ማጽዳት ነበር ሥራዬ። የእንግዳው ደረጃ በክፍሉ መክፈቻ ካርድ ላይ ስለሚጻፍ፣ ማን የት እንደደረሰ በየቀኑ እናይ ነበር።

በመጀመሪያ ልጅዎ ስለ ስዊት የነገረችዎ ትክክል ነው። ጁኒየር ስዊት ከሚባለው ጀምሮ ወደ ላይ ያሉት ክፍሎች በሌሊት 2 ነጥብ ያስገኛሉ። ነገር ግን ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ሌላው ጫፍ ነው። ከስዊት በታች ያሉት ክፍሎች ሁሉ፣ በረንዳ ያለውም፣ መስኮት ብቻ ያለውም፣ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ያለው መስኮት አልባውም፣ በነጥብ ረገድ እኩል ናቸው። ደግሞም ነጥቡ የሚቆጠረው ለክፍሉ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው ነው። በአንድ ክፍል ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ብትሄዱ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ያነሰ ይከፍላሉ፤ ነጥቡን ግን ሙሉውን ያገኛሉ። ስለዚህ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጅዎ በአንድ መስኮት አልባ ክፍል ሰባት ሌሊት ብታድሩ ለእያንዳንዳችሁ ሰባት ሰባት ነጥብ ይገባል። አንድ ነጥብ በዶላር ስንት ወጣበት ብለው ቢያሰሉት ከዚህ የረከሰ መንገድ አያገኙም።

ስዊቱን እንዲህ ብለው ይመዝኑት። ለምሳሌ ስዊቱ ከተራው ክፍል በአንድ ሰው 700 ዶላር ቢበልጥ፣ ያ 700 ዶላር የገዛው ትርፍ ነጥብ 7 ነው፤ አንዱ ነጥብ 100 ዶላር ወጣበት ማለት ነው። ሰው ስዊቱን ለስፋቱና ለምቾቱ ከፈለገው መልካም ነው፣ ይውሰደው። ለነጥቡ ብሎ የሚወስደው ከሆነ ግን ዋጋው ይኸው ነው።

ደረጃው የሚሰጠውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ። ፕላቲነምና ኤመራልድ ላይ የሚገኘው በመርከብ ላይ የሚለበስ ጋዋን፣ አንዳንድ ቅናሽ፣ ክፍልዎ ሲገቡ የሚጠብቅዎ ጥቂት መጠጥና የሚቀመስ ነገር ነው። ደስ ይላል፤ ከዚያ አይዘልም። ሰዎች የሚሮጡለት ዳይመንድ ነው። ዳይመንድ የደረሰ ሰው በቀን 4 የመጠጥ ኩፖን በካርዱ ላይ ይጫንለታል፣ ዳይመንድ ፕላስ 5፣ ፒናክል 6። በሰባት ሌሊት ጉዞ ዳይመንዱ 28 መጠጥ አገኘ ማለት ነው፤ ለሚጠጣ ሰው ይህ ብዙ ገንዘብ ነው። ኩፖኑ ለስላሳ መጠጥና የማሽን ቡናም ስለሚገዛ እርስዎ ጨርሰው ባዶ እጅዎን አይቀሩም። ነገር ግን ተራው ሻይና ቡና በምግብ አዳራሹ ከመጀመሪያውም ለሁሉም በነፃ የሚቀዳ ነው። እንግዲህ ሰው የሚሮጥለት ትልቁ ጥቅም ለእርስዎና ለባለቤትዎ ከማኪያቶ ብዙ አይበልጥም። የቀረው የዳይመንዶች ማረፊያ ክፍልና በረንዳ ላለው ክፍል የሚሰጠው ቅናሽ ነው።

አንዲት እንግዳ አስታውሳለሁ። ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ ከ80 የተሻገረ አሜሪካዊት ነበረች፤ ፒናክል ደርሳለች። ብቻውን የሚጓዝ ሰው የሁለት ሰው ዋጋ ከከፈለ በሌሊት አንድ ነጥብ ይጨመርለታል፤ በዚህ መንገድ ነበር የወጣችው። መርከቡ ወደቡ ሲደርስ ሌላው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ እርሷ በዚያው ክፍል ለሚቀጥለው ሳምንት ትቆይ ነበር። እኔ አንሶላ ስቀይር እርሷ ከበረንዳው ወንበር ላይ ሆና የሚወርዱትን ሰዎች ትመለከታለች። እንዲያም ሆኖ ለ700 ነጥብ 50 ሳምንት ያስፈልጋል። የእርሷ ቤቷ መርከቡ ነበር፤ የእርስዎ ቤት ግን ደሴ ነው። ልጅዎ ይህን ልዩነት ብታስብበት እወዳለሁ።

ወልድያዊት (ሚኒሶታ)

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ መምህር። የስሙ ነገር በእኔም ቤት ስለደረሰ እርሱ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ወላጆቼ ወልድያ ናቸው። አባቴን በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወሰድኩት፤ ስሙን የማልጠቅሰው ሌላ ኩባንያ ነበር። በሦስተኛው ጉዞ መግቢያው ላይ ስንቆም አባቴ አሁንም አዲስ ደንበኛ ተብሎ ተመዘገበ፤ ለካስ ሦስት ቁጥር ነበረው። አንዱ በእኔ አጻጻፍ፣ አንዱ በወንድሜ አጻጻፍ፣ አንዱ ስምና የአባት ስም ተቀላቅሎ።

የእኛ ስም አሰጣጥ ለእነርሱ ቅጽ አይመችም። በፓስፖርታችን ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው፤ የራስና የአባት ስም አንድ ላይ በመጀመሪያ ስም ቦታ ይቀመጣሉ። ስለዚህ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጅዎ አንድ ቤተሰብ ሆናችሁ ሳለ በኮምፒውተሩ ፊት ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላችሁ የማትተዋወቁ ሰዎች ናችሁ። ልጅዎ የእርስዎን የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዛለች፤ እርስዎ የአያትዎን፤ ባለቤትዎ የእርሷን አያት። ፈረንጆቹ ይህን ካላስረዷቸው በራሳቸው አይገምቱም።

የተከፈለው ነጥብ ወደ አንድ ይመጣል፤ አይጨነቁ። ለአባልነት ክፍሉ በስልክ ወይም በጽሑፍ ሁለቱም ቁጥሮች የአንድ ሰው መሆናቸውን ገልጾ እንዲዋሃዱ መጠየቅ ነው። ጥያቄው በፍጥነት የሚያልቀው የመርከቡን ስም፣ የተነሣበትን ቀንና የቦታ ማስያዣ ቁጥሩን ይዘው ሲቀርቡ ነው። ቁጥሩ ልጅዎ ትኬቱን ስትቆርጥ በኢሜይል የደረሳት ማረጋገጫ ላይ አለ። የፓስፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶም ያያይዙ፤ የልደት ቀኑ አንድ መሆኑ ከስሙ ይልቅ ብዙ ይረዳል። ከዚህ በኋላ በማንኛውም ጉዞ ላይ ቅጹ ሲሞላ ትክክለኛውን የአባልነት ቁጥር አስቀድሞ ማስገባት ነው፤ ቁጥሩ ከተረሳ ግን ሥርዓቱ አዲስ ሰው ፈጥሮ ያስቀምጣል።

ለባለቤትዎ ደግሞ መልካም ዜና አለኝ። በአንድ አድራሻ የሚኖሩ ባልና ሚስት ከሁለቱ ከፍ ያለውን ደረጃ ይጋራሉ። እርስዎ ፕላቲነም ቢደርሱ እርሷም ፕላቲነም ናት፤ እርሷ የቀረችበት ጉዞ አይጎዳትም። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆችም የወላጆቻቸውን ደረጃ ይይዛሉ። ነርሷ ልጅዎ ግን ራሷን የቻለች ስለሆነች የእርሷ ደረጃ ወደ እናንተ አይመጣም፣ የእናንተም ወደ እርሷ አይሄድም። ይህን አስቀድማ ብታውቀው ጥሩ ነው፤ እኔ ዳይመንድ ብደርስ ወላጆቼም ዳይመንድ ይሆናሉ ብላ እየለፋች እንዳይሆን እሰጋለሁ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ብትመስልም እኛን ሁለት ወር አጉላልታናለች። በአገራችን አድራሻ ቀበሌና የቤት ቁጥር ነው፤ የፖስታ ሳጥን ያለው ደግሞ ሳጥኑን ይጽፋል። አባቴ የፖስታ ሳጥን ቁጥሩን አስሞላ፤ እናቴ ቀበሌና የቤት ቁጥር አስሞላች። ሁለቱም እውነት ጻፉ፤ ሥርዓቱ ግን ተለያይተው የሚኖሩ አደረጋቸው። እርስዎና ባለቤትዎ አድራሻችሁን አንድ ዓይነት አድርጋችሁ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ነጥብና ሰረዙ ሳይቀር አስተካክላችሁ አስሞሉ።

የባቲ ሰኞ (ጅዳ)

የወንድሜና የእኅቴ መልስ የተሟላ ነው፤ እኔ ያልተነሣ አንድ ነገር ላንሣ። መምህር፣ በ2015 እና በ2016 የሄዱበት የአሜሪካ ቪዛ ለሁለት ዓመት የሚያገለግል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ እንደነበር እገምታለሁ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። ከጋልቨስተን ተነሥቶ ሜክሲኮና ሆንዱራስ ደርሶ ወደ ጋልቨስተን የሚመለስ መርከብ ከአሜሪካ ወጥቶ እንደገና መግባት ነውና፣ አንድ ጊዜ በሚያስገባ ቪዛ ወደብ ላይ እንዳትቀሩ ልጅዎ ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት ከመርከቡ ኩባንያና ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ታጣራ። ከነጥቡ በፊት ጉዞውን የሚወስነው ቪዛው ነው። ይህ ነገር ሳይታሰብበት ስለ ስዊት መነጋገር ለእኔ የኋላውን ማስቀደም ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ እዚህ ባሕረ ሰላጤ ያለን ሰዎች ሌላ ምርጫ አለን። በብርዱ ወራት ኤምኤስሲ የሚባለው የመርከብ ኩባንያ ከዱባይና ከዶሃ አካባቢ መርከብ ሲያንቀሳቅስ ቆይቷል። ከእኛው ከጅዳ ደግሞ አሮያ የሚባለው የሳዑዲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ይጓዛል፤ በእርሱ ላይ አልኮል ስለማይቀርብ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ይመቻል። ግን በኩባንያዎች መካከል መዝለል ለደረጃ የሚጎዳ መሆኑን ይወቁት፤ አንዱ ጋ ያደሩበት ሌሊት ሌላው ጋ አይቆጠርም። ኤምኤስሲ ላይ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ካልተጓዙ አባልነቱ ይቃጠላል። እንደ እኛ ቪዛና ሰርግና ሐዘን ለሚያቆመው መንገደኛ ይህ ከባድ ደንብ ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው፣ ደንብ ይለወጣል። ካርኒቫል የሚባለው ሌላው የመርከብ ኩባንያ ለብዙ ዓመታት እንደ ሮያል ካሪቢያን ሌሊት ይቆጥር ነበር። በ2025 ግን ከሰኔ 2026 ጀምሮ (ሁለቱም በፈረንጆቹ) ደረጃው የሚለካው ሰው ባወጣው ገንዘብ እንዲሆን መወሰኑን አስታወቀ። ሌሊት ሲቆጥሩ የኖሩ ሰዎች ምን ያህል እንዳዘኑ በዓይኔ ያየሁት ነው። የዛሬ አሥር ዓመት የሚደረስበት ዳይመንድ የዛሬውን ጥቅም ይሰጣል ብሎ ገንዘብ ማፍሰስ አይመከርም።

መምህር ዘደሴ

አላህ ይስጥልኝ፤ ሁላችሁም እንደ ልጅና እንደ ወንድም ነው የመለሳችሁልኝ። የቪዛውን ነገር ልጄም እኔም ጨርሶ አላሰብንበትም ነበር። ትናንት ማታ ደውዬ ሳነብላት ዝም ብላ ሰምታ፣ ‹አባባ፣ እኔ ዳይመንድ ያልኩት እናንተ ወረፋ ሳትቆሙ እንድትገቡ ብዬ ነው› አለችኝ። የእርሷ ደረጃ ወደ እኛ እንደማይመጣ ስነግራት ብዙ ዝም ብላ ቆየች።

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ቪዛው ሳይሳካልኝ አራትና አምስት ዓመት ቢያልፍ የእኔ 14 ነጥብ ይቃጠላል ወይስ ይጠብቀኛል? ደግሞስ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ የሚሄዱበት መርከብ ጨርሶ የለም ማለት ነው?

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ ይጠብቅዎታል። ክራውን ኤንድ አንከር ላይ የተጠራቀመ ነጥብ በዓመት ብዛት አይቃጠልም፤ ከኤምኤስሲ የሚለይበት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ባይሄዱም 14ቱ ነጥብ 14 ሆኖ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ልጅዎ ልትቸኩል አይገባትም ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። በተጨማሪ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሮያል ካሪቢያን ደረጃ በእኅት ኩባንያዎቹ በሴለብሪቲና በሲልቨርሲ ተመጣጣኝ ደረጃ እንዲኖረው ተደርጓል፤ ስለዚህ ወደፊት ትንሽ ጸጥ ያለ መርከብ ቢመርጡም የወጡበትን ደረጃ ይዘው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ደስ አሰኝቶኛል፤ መልስ አለውና። መርከቦች በወቅት መለዋወጫ ላይ ከአንዱ የዓለም ክፍል ወደ ሌላው ይዛወራሉ። በፀደይ፣ ማለትም በእኛ ሚያዝያ አካባቢ፣ በካሪቢያን የከረሙት መርከቦች አትላንቲክን አቋርጠው ወደ ባርሴሎና ወይም ወደ ሳውዝሃምፕተን ይሄዳሉ። ጉዞው ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ብዙ ቀን ባሕር ላይ ስለሚዋል ሰው አይጋፋበትም፣ በሌሊት ሲካፈልም ዋጋው ከካሪቢያኑ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ተሻግሬበታለሁ። በእነዚያ ጉዞዎች ላይ የማያቸው እንግዶች አብዛኞቹ ጡረተኞች ነበሩ፤ መጽሐፍ ያነባሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ በአንዳንዱ ማታ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ያዞራሉ።

ነገሩ ምን ይመስላል መሰለዎት፤ በአንድ ጊዜ ቪዛ አሜሪካ ይገባሉ፣ ልጅዎ ጋ ሰንብተው ከፍሎሪዳ ተሳፍረው ይወጣሉ፣ ወደ አሜሪካ አይመለሱም። ከባርሴሎና በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ነው። በአንድ ጉዞ 14 ነጥብ፤ ካለዎት 14 ጋር 28፣ ከፕላቲነም ሁለት ሌሊት ብቻ የቀረው። ችግሩ ለአውሮፓ የሼንገን ቪዛ ማስፈለጉ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባውን ቪዛ ስላቆመና ማመልከቻው የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ስለረዘመ፣ አሜሪካ ከመሄድዎ በፊት እዚሁ አዲስ አበባ መጀመር አለበት። መርከቡ በመሐል ከሼንገን ወጥቶ እንደገና የሚገባበት ወደብ እንዳይኖረውም የጉዞ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ይመልከቱ።

ወልድያዊት (ሚኒሶታ)

የቦርከና ዳር ያለው ትክክል ነው፤ እኔ የማክለው ለእናት ነው። ብዙ ቀን ምድር ሳይታይ መሄድ ለአንዳንድ ሰው ይከብዳል። ባለቤትዎን በሰባቱ ሌሊት ራሷን አዙሯት እንደሆነ ያስታውሱ፤ ካዞራት ክፍሉን ከመርከቡ መካከል ላይ፣ ከታችኛው ፎቅ ምረጡላት፤ እዚያ መወዛወዙ ይቀንሳል። መስኮት አልባውም እዚያው ስለሚገኝ ነጥቡም ዋጋውም አይጎዳባችሁም። ምግብን በተመለከተ ደግሞ ሥጋ የሌለበትን ወይም ሐላል የሆነውን የምትፈልጉ ከሆነ ከጉዞው ብዙ ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ከተሳፈሩ በኋላ መጠየቅ እንደ ዕድል ነው።

መምህር ዘደሴ

ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ እያነበብኩላት ነው። መቼም ማዞሩን በደንብ ታስታውሳለች፤ የመርከቡን መካከል አጥብቃችሁ ያዙልኝ ብላለች።

ዛሬ ጧት የድሮ መጻሕፍቴን ሳገላብጥ የ2015ቱን ጉዞ የክፍል መክፈቻ ካርድ አገኘሁት። ተማሪዎችን ሳስተምርበት በነበረው አሮጌ የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ውስጥ እንደ ዕልባት ተቀምጦ ነበር። የመርከቡ ስምና የተነሣንበት ቀን በግልጽ ይነበባል፤ የአባቴም ስም በሁለት ‹ኤም› ተጽፎ አለ። የካርዱንና የፓስፖርቴን ፎቶ ለልጄ ልኬላታለሁ፤ የማስያዣ ቁጥሩን ከኢሜይሏ አውጥታ ዛሬውኑ ማመልከቻውን ትጽፋለች። አድራሻችንንም ሁለታችን በአንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር እንድታስተካክለው ነግሬያታለሁ።

የስዊቱን ነገር ትታዋለች። ለሚመጣው ሚያዝያ ሳይሆን ለቀጣዩ ሚያዝያ የአትላንቲኩን ጉዞ እናስባለን፤ እርሷም የዓመት ፈቃዷን አጠራቅማ አብራን ለመሻገር ፈልጋለች። እርሷ ከ28 ተነሥታ 14 ስትጨምር 42 ትሆናለች፤ የፕላቲነሙን 30 ነጥብ በባሕሩ መካከል፣ በሁለተኛው ሌሊት ትሞላዋለች ማለት ነው።